የጎረምሳው ገመና

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ተረቱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ቢሆንም አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ እኔው ራሴ በሽታዬን ደበቅሁ፤ ያውም ሰባት ወር ሙሉ።

ዘመኑ 1972 ዓ.ም. ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ስጫወት ቀኝ ብሽሽቴ ላይ አንድ ነገር ሸርተት ሲል ተሰማኝ። ማታ ልብሴን ሳወልቅ ሎሚ የምታህል እብጠት አየሁ። በጀርባዬ ስተኛ ጠፋች። ጠዋት ተነሥቼ ስቆም ተመለሰች። ሳስል ትገፋለች፤ ውሃ በጀሪካን ስሸከም ትከብዳለች፤ ጋደም ስል ደግሞ ቤቷ ትገባለች። ሕመም እምብዛም አልነበራትም። የኔ ሕመም ሌላ ነበር። በሰፈራችን ከኋላቸው «ባለቡአው» እየተባሉ የሚጠሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሰፊ ሱሪ ነበር የሚለብሱት። አረማመዳቸውን እየቀዳን የምንስቅባቸው እኛ ልጆቹ ነበርን፤ ከሁሉም አሳምሬ የምቀዳው ደግሞ እኔ ነበርሁ። እብጠቷን ያየሁ ለታ በዓይኔ የመጡብኝ እሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ኳስ ሜዳ አልገባሁም። «ጉልበቴን አሞኛል» እያልሁ ዳር ተቀመጥሁ።

ምስጢሬን የደረሱበት አጎቴ ናቸው። የጤፍ ጆንያ አብረን ስናወርድ ድንገት ብሽሽቴን ይዤ ቁጭ ስል አዩኝ። ጓዳ ወስደው «አሳየኝ» አሉኝ። እያለቀስሁ አሳየኋቸው። አልሳቁም። «ይኼ ቡአ ነው። እኔም በወታደርነቴ ተቀድጄ ድኛለሁ። የሐኪም ጉዳይ እንጂ የዕፍረት ጉዳይ አይደለም» አሉኝና በሳምንቱ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ።

የቀደዱኝ ሐኪም በዕድሜ የገፉ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ። ወረቀት ላይ ካልሲ የሚመስል ነገር ሣሉልኝ። «ይህ ካልሲ አንተ ስትወለድ አፉ መዘጋት ነበረበት፤ አልተዘጋም። እኛ አፉን እናስርና ትርፉን እንቆርጠዋለን። ሌላ ምንም አንነካም» አሉኝ። እንዳሉትም አደረጉ። እነሆ ከዚያ ወዲህ ከአርባ ዓመት በላይ አለፈ፤ ቡአውም አልተመለሰ።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ የእህቴ ልጅ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። እሱም ባለፈው ዓመት እንደኔው አራት ወር ደብቆ ከረመ። የሱን ዘመን ከኔ የሚለየው ነገር ቢኖር፣ እናቱ ሳታውቅ ስልኩ ማወቁ ነው። ነገሩ ሲገለጥ ሁለት ሐኪሞች ዘንድ ወሰድነው። አንደኛው ሐኪም «ልጁ ጎልምሷል፤ እንደ አዋቂ ሰው መረብ ቢገባለት ይሻላል» አሉ። ሁለተኛዋ ሐኪም «ከረጢቱን ማሰር ይበቃዋል» አሉ። ነገሩን በካሜራ ማየትም እንደሚቻል ሁለቱም ጠቀሱ። እህቴ ግራ ገባት። «ሐኪሞቹ ካልተስማሙ እኛ ምን እንበል?» አለችኝ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። አንድ ነገር ሲቸግረኝ የምሄደው ወደ ታሪኩ ነው። በዚህም ጉዳይ ያደረግሁት ይኸንኑ ነው። ያገኘሁትን ለአንባቢ ላካፍል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ ላሳስብ።

ያልተዘጋው በር

በመጀመሪያ ነገሩ ምንድን ነው? ወንድ ልጅ በእናቱ ማሕፀን ሳለ የዘር ፍሬዎቹ የሚፈጠሩት ሆዱ ውስጥ፣ ከኩላሊቶቹ ሠፈር ነው። ከሰባተኛው ወር ገደማ ጀምሮ በብሽሽት በኩል አልፈው ወደ ማረፊያቸው ይወርዳሉ። ሲወርዱ የሆድ ዕቃን የሚሸፍነው ስስ ገበር እንደ ጓንት ጣት ተስቦ አብሯቸው ይወርዳል። ሐኪሙ ካልሲ አድርገው የሣሉልኝ ይህንን ነው። ጉዞው ሲፈጸም ይህ ጣት መዘጋትና መክሰም አለበት። ሳይዘጋ ሲቀር በጠባቡ ቀዳዳ ውሃ ብቻ ከወረደ ውሃ ይቋጠራል፤ ቀዳዳው ሰፍቶ አንጀት ካሳለፈ ግን ቡአ ይሆናል። የቀኙ የዘር ፍሬ ከግራው ዘግይቶ ስለሚወርድ ቡአ በቀኝ በኩል ይበዛል። ሴቶች ልጆችም ይይዛቸዋል፤ ወንዶቹ ግን በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ።

በሩ ክፍት ሆኖ ተወልዶ ዓመታት ያለ ምልክት የሚኖር ልጅ አለ። ከዚያ አንድ ቀን ኳስ ሲጫወት፣ ወይም ሸክም ሲያነሳ፣ አንጀቱ መንገዱን ያገኘዋል። ሰዎች «ሸክም ነው ያወጣበት» ይላሉ። እውነቱ ግን ሸክሙ በሩን አልከፈተውም፤ የተከፈተ በር አገኘ እንጂ።

ሁለተኛ ዓይነት ቡአ አለ። እሱ የሚመጣው ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ የሆድ ግድግዳ ራሱ ሳስቶ ነው። የዓመታት ሳል፣ ከባድ ሥራና ማማጥ ያባብሱታል። እንግዲህ አንድ ስም ይዘው የሚጠሩ ሁለት በሽታዎች አሉ ማለት ነው። አንዱ ያልተዘጋ በር ነው፤ ሌላው ያረጀ ግድግዳ ነው። የቡአ ሕክምና ታሪክ በአብዛኛው እነዚህን ሁለቱን የመለየትና ያለመለየት ታሪክ ነው ብል የተጋነነ አይሆንም።

ሁለቱም ግን በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። የወጣው አንጀት በጠባቡ በር ታንቆ መመለስ ሊያቅተው ይችላል። እብጠቱ ይጠጥራል፤ ሕመሙ ይበረታል፤ ትውከት ይከተላል። ያን ጊዜ የደም ዝውውሩ የተቋረጠበት አንጀት የሚሞተው በሰዓታት ውስጥ ነው።

የዘላኖቹ ቢላዋ

ሰው ይህን በሽታ ካወቀው ቆይቷል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የተጻፈው የኤበርስ ፓፒረስ የተባለው የግብፅ የሕክምና ጽሑፍ በሳል ጊዜ የሚወጣ የሆድ እብጠትን ያነሳል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ12ኛው መቶ ዓመት የሞተው የአምስተኛው ራምሴስ አስከሬን በተመረመረ ጊዜም የቡአ ምልክት ተገኝቶበታል። ቡአ ድኻ አይልም፤ ፈርዖን አይልም።

በመጀመሪያው መቶ ዓመት ሮማዊው ሴልሰስ ቡአን እንዴት በእጅ ገፍቶ መመለስ እንደሚቻል፣ እንዴትስ መቅደድ እንደሚገባ ጽፏል። የዘር ፍሬውን ማትረፍ ይቻላል ባይ ነበር። ይህ ጥበብ ግን ከሮማ ጋር ደበዘዘ። በሰባተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው የኤጊናው ጳውሎስ ትልቁን ቡአ ለመፈወስ ከረጢቱን ከነገመዱ አስሮ የዘር ፍሬውን አብሮ ማውጣትን አስተማረ። ከዚያ ወዲያ ለብዙ መቶ ዓመታት የቡአ ቀዶ ጥገና ማለት በዚያው ወገን መኮላሸት ማለት ሆነ።

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የተማሩት ሐኪሞች ቢላዋ መያዝን እንደ ውርደት ይቆጥሩት ስለነበር ሥራው የዘላን ቀዳጆች ሆነ። እነዚህ ሰዎች ከከተማ ከተማ፣ ከገበያ ገበያ እየዞሩ ቡአ ይቆርጡ ነበር። ገንዘባቸውን ተቀብለው፣ ልጁን በወንበር አስረው፣ ቆርጠው ይሄዳሉ። ቁስሉ ሲመግል ቀዳጁ ሦስት ከተማ አልፏል። የአሥራ አምስት ዓመቱ ጎረምሳ ቢተርፍም እንኳ የሚተርፈው ጎደሎ ሆኖ ነው። ይህን ሳነብ የኔን ሐኪም ካልሲ አስታወስሁ፤ ከፍዬም አመሰገንሁ።

ይህን ድርጊት አጥብቀው ከነቀፉት አንዱ ፈረንሳዊው አምብሯዝ ፓሬ ነው። በ1510 ገደማ የተወለደው ፓሬ ከጸጉር ቆራጭነት ተነሥቶ የነገሥታት ቀዳጅ ለመሆን የበቃ ሰው ነበር። ቡአን በመደገፊያ ቀበቶ መያዝን መረጠ፤ መቅደድ ግድ ሲሆንም የዘር ፍሬው እንዲተርፍ የወርቅ ሽቦ ስፌት ይጠቀም ነበር። በዚሁ ዘመን፣ በ1559፣ ካስፓር ሽትሮማየር የተባለ የሊንዳው ከተማ ቀዳጅ በሥዕል ያጌጠ የቡአ መጽሐፍ አዘጋጀ። ሁለቱን የቡአ ዓይነቶች ለይቶ፣ በአንደኛው ዓይነት የዘር ፍሬውን ማውጣት እንደማያስፈልግ አመለከተ። አንባቢ ልብ ይበል፤ ሁለት በሽታዎች መሆናቸውን ያየ ዓይን ከአራት መቶ ዓመት በፊት ነበረ።

በ18ኛው መቶ ዓመት ለንደን ላይ ፐርሲቫል ፖት በ1756 ስለ ቡአ መጽሐፍ አሳተመ። ዊልያምና ጆን ሃንተር የተባሉት ወንድማማቾች ደግሞ የዘር ፍሬ ከሆድ የሚወርድበትን መንገድ መርምረው ገለጡ። «ያልተዘጋው በር» የታወቀው ያኔ ነው። በ1804 አስትሊ ኩፐር የብሽሽትን ሥነ አካል በዝርዝር አወጣ። ዕውቀቱ ሞላ፤ እጁ ግን ታስሮ ቆየ። ሰው ሳይደነዝዝ ይቀደድ ነበር፤ የተቀደደውም ይመግል ነበር። ማደንዘዣ በ1846 ቦስተን ላይ በይፋ ታየ። ጆሴፍ ሊስተር ደግሞ ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ ከምግል የመጠበቅን ዘዴ በ1867 አሳተመ።

ቁስለኛው ሐኪም

በዚያው በ1867 ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት ወር፣ ሮማን ነፃ ለማውጣት ከዘመቱት የጋሪባልዲ ወዶ ዘማቾች መካከል አንድ ሃያ ሦስት ዓመት የሆነው ወጣት ሐኪም ነበር። ስሙ ኤድዋርዶ ባሲኒ ይባላል። ቪላ ግሎሪ በተባለው ቦታ በተደረገው ውጊያ ሳንጃ ብሽሽቱን ወጋው፤ ያውም የቀኙን። ተማረከ። አንጀቱ ተበስቶ ስለነበር ቁስሉ እዥ ብቻ ሳይሆን ዓይነ ምድርም እያወጣ ለወራት አሠቃየው። ሆኖም ዳነ። ብሽሽትን በመጽሐፍ ሳይሆን በገዛ ሥጋው የተማረ ሰው ሆነ።

ከባሲኒ በፊት የሞከሩ ነበሩ። የሊስተር ተማሪ የነበረው አሜሪካዊው ሄንሪ ማርሲ በ1871፣ የሃይደልበርጉ ቪንሰንስ ቸርኒ በ1877 የየራሳቸውን ዘዴ አሳትመዋል። ችግሩ ቡአው አለመድኑ ሳይሆን መመለሱ ነበር። ብዙው ታካሚ በዓመቱ፣ በሁለት ዓመቱ እብጠቱን ይዞ ይመጣል፤ ሐኪሙም መደገፊያ ቀበቶ ያዝለታል።

ባሲኒ በ1884 መጨረሻ በፓዶቫ ከተማ አዲሱን ዘዴውን ጀመረ። የብሽሽቱን ቦይ ከላይ እስከ ታች ከፈተው። ከረጢቱን ከሥሩ አስሮ ቆረጠ። ከዚያ፣ ከሱ በፊት የነበሩት በሚገባ ያላደረጉትን፣ የቦዩን የኋላ ግድግዳ በሦስት ድርብ ጡንቻና ሽፋን አዲስ አድርጎ ሰፋው። በ1889 ባወጣው መጽሐፍ የ262 ቀዶ ጥገናዎችን ውጤት አቀረበ። ታካሚዎቹን አሰናብቶ ዝም አላለም፤ ለዓመታት ተከታትሎ የማን እንደተመለሰ የማን እንዳልተመለሰ ጻፈ። የተመለሰው ጥቂት ነበር። በዚያን ዘመን ይህ ተአምር የሚያሰኝ ነው።

በዚያው በ1889 ባልቲሞር ላይ ዊልያም ሃልስቴድ ተመሳሳይ ዘዴ አሳተመ። የሃልስቴድ ነገር ሌላም ትዝታ አለው። አብራው የምትሠራው ነርስ እጅዋ በመድኃኒት ስለተቆጣ የጎማ ጓንት አሠራላት፤ በ1890ም አገባት። ተማሪው ጆሴፍ ብለድጉድ በ1899 ከ400 በላይ የቡአ ቀዶ ጥገናዎችን ዘርዝሮ፣ ሐኪሞቹ ጓንት ማጥለቅ ከጀመሩ ወዲህ ምግል እጅግ መቀነሱን አሳየ። ዛሬ በየሐኪም ቤቱ የምናየው ጓንት በቁጥር የተፈተነው በቡአ ታካሚዎች ላይ ነው።

ከረጢቱ ብቻ

አሁን ወደ ልጆቹ እንምጣ። የባሲኒ ዘዴ ዓለምን ሲያዳርስ የአዋቂውም የልጁም መድኃኒት ተደርጎ ተወሰደ። ሕፃን ሲመጣም ግድግዳው ተከፍቶ ይሰፋል። ይሁን እንጂ የሕፃኑ ግድግዳ ምን ጎድሎት ነው የሚጠገነው? በሩ ነው ያልተዘጋ። ደጃፉ ክፍት የሆነ ቤት ሌባ ቢገባበት ደጃፉ ይዘጋል እንጂ ግድግዳው አይፈርስም።

ይህን ጥያቄ አጥብቀው ያነሱ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ በሁለት የዓለም ዳርቻ ተነሡ። በ1899 ቺካጎ ላይ አሌግዛንደር ፈርጉሰን፣ የዘር ቱቦና የደም ሥሮች ያሉበት ገመድ ከቦታው እንዳይነቀል የሚያሳስብ ዘዴ አሳተመ። በዚያው ዓመት ሜልቦርን ላይ ሃሚልተን ራሰል የሕፃናትን ቡአ ያለ ግድግዳ ስፌት ማዳን እንደሚቻል ተናገረ። ራሰልም የሊስተር ደቀ መዝሙር ነበር። የወጣቶች ቡአ መነሻው ሲወለዱ የነበረ ከረጢት ነው፤ ከረጢቱ ከተወገደ ሌላ ሥራ አያስፈልግም የሚል አስተሳሰቡን በ1906 አስፋፍቶ አቀረበው። አዋቂው ላይ አጋንኖት ይሆናል። ልጆቹ ላይ ግን ልክ ነበር።

ሦስተኛውን እርምጃ የወሰደው የግላስጎው ሐኪም ጄምስ ኒኮል ነው። በዚያን ጊዜ የተቀደደ ልጅ ለሳምንታት አልጋ ላይ ታስሮ ይቆይ ነበር። ኒኮል በ1909 በአሥር ዓመት ውስጥ በተመላላሽነት የታከሙ የ8,988 ልጆችን ቀዶ ጥገና ሪፖርት አደረገ፤ ቡአዎችም ነበሩበት። ልጁ ተቀድዶ በዕለቱ በእናቱ ዕቅፍ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከእናት የተሻለ አስታማሚ የለም፣ ሕፃንን ከእናቱ መነጠል ጉዳት ነው ባይ ነበር። ኤዲንብራ ላይ ጌርትሩድ ሄርዝፌልድ የተባለችው ሴት ቀዳጅ ይህንኑ መንገድ ተከትላ ብዙ ሕፃናትን አዳነች። በ1950 ደግሞ የቺካጎው ዊሊስ ፖትስና ጓደኞቹ ለሕፃናትና ለልጆች ከረጢቱን ከፍ አድርጎ ማሰር ብቻ በቂ መሆኑን በጽሑፍ አጸኑ። በ1972 ዓ.ም. ካልሲ የሣሉልኝ ሐኪም የዚህ ሁሉ ወራሽ ነበሩ ማለት ነው። «ሌላ ምንም አንነካም» ያሉኝ ከስንፍና ሳይሆን ከዕውቀት ነበር። አንዳንዴ ትልቁ የቀዳጅ ሙያ የማይነካውን ማወቅ ነው።

መረብና ካሜራ

የአዋቂዎቹ መንገድ ግን በዚሁ አልቆመም። ቶሮንቶ ላይ ኤርል ሹልዳይስ የተባለ ሐኪም በ1932 ትርፍ አንጀቷን ያወጣላት የሰባት ዓመት ልጅ አልጋ አልይዝ ብላ ስትሮጥ ምንም እንዳልሆነች አየና «ታዲያ አዋቂዎቹን ለምን እናስተኛለን?» ብሎ ጠየቀ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብዙ ወጣቶች በቡአ ምክንያት ከምልመላ ሲመለሱ እየቀደደ ቶሎ አስነሣቸው። በ1945 ለቡአ ብቻ የሚሆን ሐኪም ቤት ከፈተ። የባሲኒን ግድግዳ በአራት ድርብ ስፌት አጠነከረው።

ሆኖም ስፌት ስፌት ነው። የሳሳ ጨርቅ ተስቦ ሲሰፋ መልሶ ይተረተራል። ስለዚህ ሎስ አንጀለስ ላይ ኧርቪንግ ሊክተንስታይን ግድግዳውን ከመሳብ ይልቅ ከፖሊፕሮፒሊን የተሠራ መረብ እንደ እራፊ መለጠፍን መረጠ። በ1989 የ1,000 ታካሚዎችን ውጤት አሳተመ። መረቡ ለአዋቂ ቡአ የተለመደው ሕክምና ሆነ፤ በ2018 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያም ለአዋቂዎች መረብን ይመክራል።

መረብ የባለጸጋ ብቻ እንዳልሆነም ታይቷል። በጎረቤታችን አካባቢ፣ በኡጋንዳ፣ 302 ወንዶች ገሚሶቹ በፋብሪካ የሕክምና መረብ፣ ገሚሶቹ በአግባቡ ከጀርም በጸዳ የወባ አጎበር ጨርቅ ተጠገኑ። ውጤቱ በ2016 ሲወጣ ሁለቱ የሚለያዩት እዚህ ግባ በማይባል ነገር ነበር። ለኛ አገር ዓይነት አቅም ይህ ትልቅ ዜና ነው። በአገራችንም ከ2009 ጀምሮ ለገጠር ሆስፒታሎች የድንገተኛ ቀዶ ጥገና ባለሙያዎች በሁለተኛ ዲግሪ መሠልጠን ጀምረዋል። የታነቀ ቡአ ወደ አዲስ አበባ እስኪደርስ አይጠብቅምና ሐኪሙ ወደ በሽተኛው መቅረቡ ሕይወት ነው።

ካሜራው የመጣው ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው። በትንንሽ ቀዳዳዎች ገብቶ ከውስጥ ወገን ይሠራል። ለአዋቂ መረቡ ከውስጥ ይለጠፋል፤ ለልጅ ደግሞ መረብ ሳይኖር የበሩ ዙሪያ በክር ብቻ ይታሰራል። ፖላንዳዊው ዳሪዩሽ ፓትኮቭስኪ በ2006 ያሳተመው ዘዴ በካሜራ እየተመለከቱ በመርፌ ክሩን ከቆዳ ላይ አሳልፎ በሩን መቋጠር ነው። ካሜራው ሌላም ጥቅም አለው፤ በሌላው ወገን ያለው በር ተዘግቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ያሳያል። ሙሉ ማደንዘዣ፣ መሣሪያና የሠለጠነ እጅ መፈለጉ ደግሞ ዋጋው ነው።

በሁለት ዕድሜ መካከል

እንግዲህ የእህቴ ልጅ የት ይመደባል? ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ለሕፃኑ መልስ አለ፤ ከረጢቱን እሰር። ለአምሳ ዓመቱ ሰው መልስ አለ፤ ግድግዳውን ደግፍ። ጎረምሳው ግን ቁመቱ የአዋቂ፣ በሽታው የሕፃን ነው። ከሕፃናት ቀዳጅ ዘንድ ቢሄድ እንደ ልጅ ይታሰርለታል፤ ከአዋቂዎች ቀዳጅ ዘንድ ቢሄድ እንደ አባቱ መረብ ይገባለታል። ሕክምናውን የወሰነው በሽታው ሳይሆን ያንኳኳው በር ሆነ ማለት ነው።

መረብ የመከሩት ሐኪም ያለ ምክንያት አልተናገሩም። አንዳንድ ጎረምሳ በሩ ለዓመታት ተለጥጦ ግድግዳውም ሳስቶ ይገኛል። የሰውነታቸው ማያያዣ ከተፈጥሮ ደካማ የሆነ ልጆችም አሉ፤ እነሱ ላይ ማሰር ብቻውን ላይበቃ ይችላል። በሌላ ወገን ግን መረብ ለዕድሜ ልክ የሚቀመጥ ባዕድ ነገር ነው። የሚያድግ አካል ውስጥ፣ ከዘር ቱቦው አጠገብ፣ ጠባሳ እየፈጠረ ይቀመጣል። ከአዋቂዎችም ቢሆን ከቡአ ጥገና በኋላ ከመቶ አሥር ያህሉ ለወራት የሚዘልቅ ሕመም ይኖራቸዋል። ስድሳ ዓመት ገና የሚቀረው ልጅ ይህን ያለ በቂ ምክንያት ለምን ይሸከማል? በጎረምሶች ላይ የወጡ ጥናቶችም ከረጢቱን በማሰር ብቻ የታከሙት ቡአቸው የሚመለሰው ከመቶ ጥቂቶቹ ላይ መሆኑን ያሳያሉ።

እኔ ይህን ይዤ ወደ ሁለተኛዋ ሐኪም ተመለስሁ። ነገሬን እስክጨርስ ሰሙኝና ፈገግ አሉ። «ጋሼ፣ ታሪኩን በደንብ አጥንተዋል። ቁም ነገሩ ግን ዕድሜው አይደለም። ከፍቼ በሩንና ግድግዳውን አያለሁ። ግድግዳው ደህና ከሆነ ከረጢቱን ብቻ አስራለሁ። ልል ከሆነ በራሱ ሥጋ እሰፋዋለሁ። መረብ የመጨረሻ ነው» አሉኝ። ለእህቴ የሚገባት መልስ ይህ ነበር። ለካ ሐኪሞቹ ያልተስማሙት በዕውቀት ማነስ ሳይሆን ገና ሳይከፈት ስለ ግድግዳው ሲናገሩ ነው።

ልጁ ጠዋት ተቀደደ። ግድግዳው ደህና ነበር። ከረጢቱ ታስሮ ተቆረጠ፤ ሌላ ምንም አልተነካም። ማታ ቤቱ አደረ፤ በሳምንቱ ትምህርት ቤት ገባ።

ታሪኩን እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ባለኝ። ነገር ግን አንድ ዕዳ ቀርቶብኛል። እነዚያ ሰፊ ሱሪ የሚለብሱት ሽማግሌ እኔ ዩኒቨርሲቲ በገባሁ ዓመት ሞቱ። በምን እንደሞቱ የነገሩኝ አጎቴ ናቸው። ክረምት ነበር፤ ቡአው ታንቆ ሁለት ቀን ሙሉ ከቤት ሲያቃስቱ ሰንብተዋል። ሐኪም ቤቱ ከቤታቸው የግማሽ ሰዓት መንገድ ነበር። ልጆቻቸው «እንውሰድዎ» ሲሏቸው «በዚህ ሁኔታዬ በሰፈር መካከል አታሳልፉኝ» አሉ። ባሲኒ መጽሐፉን ካሳተመ ዘጠና ዓመት አልፎታል። ማደንዘዣው ነበረ፤ ጓንቱ ነበረ፤ ሐኪሙ ነበረ። የጎደለው የኛ ሳቅ ማነስ ብቻ ነው።

የእህቴን ልጅ ይህን ነገርሁት። ምንም አልመለሰልኝም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ከኳስ ቡድናችን አንድ ልጅ አለ። ስለኔ ለቡድኑ ነግሬያቸው ነበር። ትናንት ለብቻዬ ጠርቶኝ... እሱም እንደኔ ነው። ለእናቱ መናገር ፈርቷል። አንተ ትነግርለታለህ?»

«እነግርለታለሁ» አልሁት።